ከየት ቆሞ ማየት፦ የመዓዛ መንግሥቴና የዲናው መንግሥቱ አራት ልብ ወለዶች

መዓዛ መንግሥቴ በ2010 እና በ2019፣ ዲናው መንግሥቱ በ2007 እና በ2024 ያሳተሟቸው አራት ልብ ወለዶች (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ ይጻፉ እንጂ ነገራቸው የቤታችን ነገር ነው፦ የጣልያን ወረራ፣ አብዮቱ፣ ቀይ ሽብር፣ ዋሽንግተንና ዙሪያዋን የሰፈረው ወገን። ጉዳዩን ስለምናውቀው ታዲያ መጽሐፎቹን በሁለት መንገድ እንበድላቸዋለን። ወይ «ታሪካችንን ለዓለም አስተዋወቁልን» ብለን ሳንመረምር እናወድሳቸዋለን፣ ወይ የታሪክ ሰነድ ይመስል የቀንና የቦታ ስህተት እንለቅምባቸዋለን። እኔ አራቱንም የመዘንኩት በአንድ ነገር ነው፤ ደራሲው ታሪኩን የሚያይበትን ዓይን የት አቆመ? ዓይኑ በጸናበት ገጽ ሁሉ መጽሐፎቹ ከእጅ አይወርዱም፤ ዓይኑ በተንከራተተበት ደግሞ ይደክማሉ።

ለሚፈልጋቸው ሰው ርዕሶቹ እነዚህ ናቸው። የመዓዛ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» (2010) እና «ዘ ሻዶው ኪንግ» (2019)፣ የዲናው «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» (2007) እና «ሰምዋን ላይክ አስ» (2024)። የዲናው የመጀመሪያ መጽሐፍ እንግሊዝ አገር የወጣው «ችልድረን ኦቭ ዘ ሪቮሉሽን» በሚል ሌላ ርዕስ ስለሆነ ሁለት መጽሐፍ መስሎት ሁለቴ የሚገዛ እንዳይኖር። ዲናው በመሐል ሌሎች ሁለት ልብ ወለዶች አሉት፤ እዚህ አላነሳቸውም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ማንበብ ግን ደራሲው በ17 ዓመት ውስጥ የት እንደደረሰ በደንብ ያሳያል።

«ዘ ሻዶው ኪንግ» ከአራቱ ትልቁም ከባዱም ነው። ከ400 ገጽ ይበልጣል፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ታሪኩ በ1974 አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ይከፈታል። ሂሩት የምትባል ሴት ፎቶግራፎች የያዘ ሣጥን ይዛ ኤቶሬ ናቫራ የሚባል ጣልያናዊ ልታገኝ መጥታለች። ሰውየው በወረራው ጊዜ የጣልያን ጦር ፎቶ አንሺ ነበር። ከዚያ ትረካው ወደ 1935 ይመለሳል። ሂሩት ያኔ ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ናት፤ ኪዳኔ በሚባል መኳንንትና በሚስቱ በአስቴር ቤት ታገለግላለች። ከአባቷ የቀራት ሀብት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው፤ አባትየው የገደላቸውን ጣልያኖች በጭረት የቆጠረበት። አስቴር የጠፋባትን የአንገት ሐብል ስትፈልግ የተደበቀው ጠመንጃ ይወጣል፤ ኪዳኔም ለጦሩ ያስፈልጋል ብሎ ይወስደዋል።

መጽሐፉ ሙሉ ክብደቱን የጣለው በዚህች ትንሽ ክስተት ላይ ነው። ጣልያን ገና እግሩ ሳይገባ ሂሩት ተወርራለች። የወረራትም ነገ አርበኛ ተብሎ የሚፎከርለት ጌታዋ ነው። ኪዳኔ ለአገሩ ከልቡ ይዋጋል፣ ወታደሮቹ ይወዱታል፣ ይሞቱለታልም። ሌሊት ደግሞ ሂሩትን ይደፍራል። መዓዛ አንዱን በሌላው ለመሰረዝ አትሞክርም፤ ጀግንነቱን አታኮስሰውም፣ ወንጀሉንም «ዘመኑ ነው» ብላ አታልፈውም። ስለ አርበኞቻችን ከተጻፈው አብዛኛው ውስጥ የሚጎድለው ይህ ነው፤ ድሉን ሳይነኩ ዋጋውን የከፈለችውን ሴት ስም መጥራት። አስቴርም እንዲሁ ቀላል ሰው አይደለችም። ሂሩትን ትገርፋለች፣ ታዋርዳለች፤ ሴቶችን አሰባስባ ወደ ዘመቻ ስትወጣ ደግሞ ከእሷ የሚበልጥ የጦር መሪ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

የቤቱ ወጥ ቤት ሴትዮም አለች። ስሟ አይነገረንም። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ስማቸውም የዘር ሐረጋቸውም ሲተረክ እሷ ግን ወጥ ቤቷ ብቻ ናት፤ ስሟን ቢጠይቋትም አትሰጥም። መጀመሪያ ደራሲዋ የረሳቻት ይመስላል። ገጹ ሲገፋ ነው ስሟን መከልከሏ የተረፋት ብቸኛ ሥልጣን መሆኑ የሚገባን። ይህ በማብራሪያ ሳይሆን በተደጋጋሚ እምቢታ ስለተሠራ ይሠራል።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ። በመጽሐፉ ውስጥ «ፎቶ» የሚል ርዕስ ያላቸው አጫጭር ክፍሎች ተበትነዋል። ምንም የታተመ ፎቶ የለም፤ በቃላት የተሣለ ፎቶ ነው ያለው። ኮሎኔል ካርሎ ፉቼሊ የሚባለው አዛዥ እስረኞችን ከገደል እያስወረወረ ኤቶሬ እንዲያነሳቸው ያዝዛል፤ ኤቶሬም ያነሳል። እነዚያ ክፍሎች ሲነበቡ አንባቢው ሳይወድ ከካሜራው ጀርባ ይቆማል። መዓዛ መጀመሪያ ፎቶው የሚያሳየውን ትዘረዝራለች፦ አቋም፣ እጅ፣ ልብስ፣ ብርሃን። ቀጥላ ካሜራው ሊይዘው ያልቻለውን ለሰውየው ትመልስለታለች። ኤቶሬ ራሱ አይሁዳዊ ነው። የፋሺስቱ መንግሥት በ1938 የዘር ሕጎቹን ሲያውጅ ሌሎችን በምስል ሲመዘግብ የኖረው ሰው ራሱ ተመዝጋቢ ይሆናል። ደራሲዋ ይህን እንደ ቅጣትም እንደ ይቅርታም አታቀርበውም፤ በዚህ ጥንቃቄዋ አደንቃታለሁ።

ርዕሱን የሰጠው ጉዳይም አለ። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1928 አገር ጥለው ሲወጡ የተዋጊው ልብ ይሰበራል። ሂሩት «ምንም» የሚባለው ድኻ ሰው ንጉሡን እንደሚመስል ታስተውላለች። የንጉሥ ልብስ ለብሶ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ሂሩትና አስቴር ጠባቂዎቹ ሆነው ከሩቅ ለሕዝብ ይታያል። ከዚህ በኋላ ያሉት ምዕራፎች የመጽሐፉ ከፍታ ናቸው። ንጉሥ ማለት የሚያየው ሕዝብ ዓይን የሠራው ነገር መሆኑን ያለ አንድ የትንታኔ ዓረፍተ ነገር ያሳያሉ።

ድክመቱ ያለው ንጉሡን ራሳቸውን በሚያሳዩት መሸጋገሪያ ክፍሎች ላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ የቬርዲን «አይዳ» ያዳምጣሉ፤ በጣልያን ኦፔራ ውስጥ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት። ከዚያ ጋር የሞተችው ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ትመጣባቸዋለች። ችግሩ ቦታው ነው። ውጊያው በተጋጋለበት፣ የሂሩት ዕጣ ባልታወቀበት ሰዓት ትረካው ተቆርጦ ወደ ንጉሡ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሁለት ሦስቱ ቢቀነሱ መጽሐፉ አይጎዳም ነበር። ሌላው የቋንቋው ድምፅ ነው። መዓዛ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በከፍተኛ ድምፅ ነው የምትተርከው። ሂሩት ውኃ ስትቀዳም ጦር ሲገጥምም ዓረፍተ ነገሩ እኩል ከፍ ይላል። ዝቅ የሚል ቦታ ባለመኖሩ ከፍታው ራሱ አንዳንዴ አይሰማም።

ለማንበብ የሚከብደው ምልልሱ ነው፤ ትምህርተ ጥቅስ የለውም። የተናጋሪው ቃልና የተራኪው ቃል በአንድ አንቀጽ ይፈስሳሉ። መፍትሔው የሚናገረውን በእንቅስቃሴው መለየት ነው፤ መዓዛ ከንግግር በፊት ወይም በኋላ ሁልጊዜ አንድ የአካል ምልክት ታስቀምጣለች፣ እጅ ትዘረጋለች፣ አንገት ትደፋለች። ግራ የገባ ገጽ ድምፅ ተሰጥቶት ሲነበብ ወዲያው ይጠራል። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ አውቶቡስ ላይ በቁርጥራጭ የሚነበብ መጽሐፍ ይመስላል፤ እንዲያ ካነበቡት ግን ይበተናል። ቢያንስ 40 ገጽ በአንድ መቀመጫ መውሰድ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ 60 ገጾች ቀርፋፋ ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚተወው አንባቢ ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምለው፤ ጦሩ ሲከተት ትረካው ይፈጥናል። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ቀኖችን ማወቅም ይረዳል፦ ወረራው የጀመረበት መስከረም 22 ቀን 1928፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። መጽሐፉ ቀን እየጠራ አይሄድም፤ እነዚህን የያዘ ሰው ግን የት እንደደረሰ አይጠፋውም።

መጨረሻ ላይ የደራሲዋ ማስታወሻ አለ። ጌቴይ የምትባል ቅድመ አያቷ የአባቷን ጠመንጃ በፍርድ ቤት ተከራክራ ወስዳ እንደዘመተች፣ ይህንንም እሷ የሰማችው ልብ ወለዱን ስትጽፍ ቆይታ እንደሆነ ትናገራለች። ማስታወሻውን አስቀድሞ ማንበብ አልመክርም። አንባቢው የትኛው እውነት የትኛው ፈጠራ ነው እያለ ገጸ ባሕርያቱን ማሳደድ ይጀምራል፤ ሂሩት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ትኩረት የሚገባት ሰው ናት።

የመዓዛ የመጀመሪያ መጽሐፍ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» ወደ 300 ገጽ ነው፤ አብዮቱ በአንድ ቤተሰብ ላይ ያደረሰውን ያሳያል። ዶክተር ኃይሉ፣ የታመመች ሚስቱ ሰላም፣ ልጆቹ ዮናስና ዳዊት። የመክፈቻው ትዕይንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ኃይሉ ከአንድ ልጅ ጀርባ ጥይት ሊያወጣ ይታገላል። ዓይኑ የሐኪም ዓይን ሲሆን መጽሐፉ አይሳሳትም። ወታደሮች በግርፊያ የተሰባበረች ልጅ አምጥተው «አድናት» ይሉታል፤ ስትድን መልሰው ሊመረምሯት ነው። ማዳኑ ለገራፊ ማስረከብ ሆነ ማለት ነው። ኃይሉ ልጅቷን በመርዝ ያሳርፋታል። ይህ ውሳኔና ከውሳኔው በኋላ ያለው ጥበቃ፣ መቼ እንደሚጠራ ሳያውቅ በየቀኑ ወደ ሥራ መሄዱ፣ ስለ ደርግ ዘመን ካነበብኳቸው ሁሉ የሚዘገንነኝ ክፍል ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

መጽሐፉ የሚላላው ቤተ መንግሥትና ጽሕፈት ቤት ሲገባ ነው። ጉዱ የሚባለው የደርግ መሪ ከክፋት በቀር ምንም የለውም። ከዚያ ይልቅ የዳዊት አብሮ አደግ ሚኪ እጅግ የተሻለ ተሠርቷል፤ ወታደር ነው፣ ፈሪ ነው፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትእዛዝ በኋላ የሚመለስበት መንገድ እየጠበበው ይሄዳል። ክፋት እንዴት ሰው ውስጥ እንደሚገባ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ጉዱን ዘሎ ሚኪን ይከተል። የአመለካከት አንጻሩ በየምዕራፉ ስለሚቀያየር የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ስም እየያዙ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የአባት፣ የሁለት ልጆች፣ የምራት የሣራ፣ የልጅ ልጅ የትዝታ፣ የጎረቤት።

ዲናው ፍጹም ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ነው። «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» 230 ገጽ ገደማ ነው፤ እንግሊዝኛው ንጹሕና ቀላል ነው። በቀን 35 ገጽ የሚያነብ ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። በ2007 የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ስጳ እስጢፋኖስ ከቀይ ሽብር ሸሽቶ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ ከፍቷል። ሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከተሰበሰቡበት ከ9ኛና ከዩ ጎዳና በእግር የሚደረስ ነው፤ ድኾች ወጥተው ገንዘብ ያላቸው የሚገቡበት ጊዜ ላይ ነው ታሪኩ የሚያገኘው። ጎረቤት ባለ አራት ፎቁን አሮጌ ቤት አድሳ ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር ትገባለች፤ ልጇ ናዖሚ ሱቁ እየመጣች ከስጳ ጋር «ወንድማማቾች ካራማዞቭ»ን ታነባለች።

ዓይኑ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሟል፤ ከዚያ አይነቃነቅም። ስጳ በመስኮት ያየውን፣ በር የከፈተውን ሰው፣ ያልተሸጠውን ዕቃ ነው የምናየው። ሰፈር ሲቀየር እንዴት እንደሚታይ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም፤ ማን ምን መግዛት እንዳቆመ ከማየት ይጀምራል። ማታ ማታ ሁለት ጓደኞቹ፣ ኮንጓዊው ጆሴፍና ኬንያዊው ኬኔት፣ ይመጡና አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ የመፈንቅለ መንግሥቱን አገርና ዓመት ይመልሳሉ። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሏል። ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥር ሳቁ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዲናው ግን «አሁን አዘኑ» ብሎ አይነግረንም፣ ቀጣዩን ስም ነው የሚያስጠራቸው። ሌላው ብርቅ ክፍል የስጳ አጎት የብርሃነ ሥላሴ ደብዳቤዎች ናቸው። ኢትዮጵያውያን በሞሉበት ረጅም ሕንፃ ላይ ብቻውን የሚኖረው ሽማግሌ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ስጳ ያነባቸዋል። በጨዋነት የተጻፉ፣ መልስ የማይመጣላቸው ማመልከቻዎች። የስደት ልብ ወለድ ይህን ያህል በጥቂት ገጽ ሲናገር አላየሁም።

የማይሠራው የጁዲት ጉዳይ ነው። ስጳ ዓይን አፋር ስለሆነ እሷን የምናያት በሱ ፍርሃት በኩል ብቻ ነው፤ ለምን እንደቀረበችው አይገባንም። ሰፈሩ ላይ የሚነሳው ጠብም፣ ጡብ መወርወሩና ቃጠሎው፣ ዘግይቶ መጥቶ በጥድፊያ ያልቃል። ምዕራፎቹ በአሁኑና ባለፈው ክረምት መካከል ይፈራረቃሉ፤ መጽሐፉ ይህን በራሱ በግልጽ ስለሚለይ አያስቸግርም።

«ሰምዋን ላይክ አስ» ግን ሆን ብሎ ያስቸግራል። ፓሪስ የሚኖር ማሙሽ የሚባል ጋዜጠኛ እናቱ ወዳለችበት ወደ ዋሽንግተን ዳርቻ ለገና ሊሄድ ነው። ሚስቱ ሐና ፎቶ አንሺ ናት፣ ትንሽ ልጅ አላቸው። አውሮፕላኑ ያመልጠዋል፤ ለሌላ በረራ ትኬት ሲቆርጥ የቆረጠው ወደ ቺካጎ ነው። ሲደርስም እንደ አባት ያሳደገው ባለ ታክሲው ሳሙኤል ሞቷል። ከዚህ ቀጥሎ የሳሙኤልን ሕይወት ፍለጋ ነው፤ ሥራው፣ እስሩ፣ ሱሱ፣ በአገሩ ሁሉ ኢትዮጵያውያንን የሚያገናኝ የታክሲ አገልግሎት ሊያቋቁም የነበረው ሕልም።

እዚህ ዓይኑ የውሸታም ዓይን ነው። ማሙሽ ለሚስቱም ለአሠሪዎቹም ይዋሻል፤ ለአንባቢውም። ያለፈውን ሲተርክ ያየውን ይሁን የፈለሰመውን አይለይም፣ ሳሙኤልም አንዳንዴ ከሞተ በኋላ ሲያወራው እናገኘዋለን። በሌላ ደራሲ እጅ ብልጠት ይሆን ነበር። እዚህ ግን ምክንያት አለው፤ ማሙሽ ባደገበት ቤት ማንም ያለፈውን አይናገርም፣ ስለዚህ ዝምታውን የሞላው በፈጠራ ነው። እናቱ ጥያቄ ሲጠየቁ ርዕስ የሚቀይሩባቸው ምልልሶች ውጭ ያደገ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾችም እነሱ ናቸው። የተጎዳችው ሐና ናት። እሷ ውሸቱን የምታይ ብቸኛ ሰው ሆና ሳለ ከመሐል በኋላ ከስልክ ወዲያ ማዶ ድምፅ ብቻ ሆና ትቀራለች።

ሳሙኤል በምን ሞተ የሚለውን ለማወቅ የሚያነብ ሰው ይከፋዋል፤ መርማሪ ልብ ወለድ አይደለም። ለማይጠፋ ንባብ የሚረዳው እርሳስ ይዞ በየምዕራፉ አናት ቦታውን መጻፍ ነው፦ ፓሪስ፣ ቨርጂኒያ፣ ቺካጎ፣ ትዝታ። ሦስተኛው ምልክት ላይ ሲደርሱ አካሄዱ ይያዛል።

ማንበብ ለሚጀምር ሰው በ«ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ» ቢነሳ፣ ከዚያ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ»ን ቢያስከትል፣ «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን የዕረፍት ሳምንት ሲገኝ ቢይዝ ይሻላል። «ሰምዋን ላይክ አስ» የግድ ከዲናው የመጀመሪያ መጽሐፍ በኋላ ይነበብ፤ ስጳ በባንኮኒው ኋላ የዘጋውን አፍ ነው ቀጣዩ ትውልድ ሊያስከፍተው የሚታገለው። መዓዛና ዲናውን በኪንድል ማንበብ ይቻላል፤ የዲናውን የ2024 መጽሐፍ ግን በወረቀት እመርጣለሁ። በየመሐሉ የታተሙ ፎቶግራፎች አሉ፤ በትንሽ ጥቁርና ነጭ መሣሪያ ላይ ይደበዝዛሉ፣ የቆሙበት ገጽም ከቃሉ ይለያል። የተቀመጡት ደግሞ ማሙሽ የሚለውን ለማረጋገጥ አይደለም፤ አጠገባቸው ያለውን አንቀጽ መልሶ ማንበብ የሚያስገድዱ ናቸው።